ምስማር የማይመታበት ግድግዳ

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው አስፋልት መሃል ለመሃል የሚያልፍባት ከተማ ናት። መኪና በቆመ ቁጥር ማንጎና ብርቱካን በመስኮት ይቀርባል፤ ፀሐዩም ለጋስ ነው። አክስቴ እዚሁ፣ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ ብዙም ሳይርቁ፣ በግቢያቸው አራት ክፍል የኪራይ ቤት ሊያሠሩ ነው። መሠረቱ ወጥቷል፤ ብሎኬቱ ተደርድሯል፤ ግንበኛው ሰኞ ይገባል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራዬ የቢሮና የመኖሪያ ቤት የውስጥ ዲዛይን ነው። እትዬ ይህን ስለሚያውቁ «ቀለም ምረጪልኝ» ብለው አስጠሩኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቦል ላይ የተጀመረው ወሬያችን እነሆ። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልተመረጠም።

እትዬ፦ በይ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ። ክሬም ይሻላል ወይስ ያ ውሃ ሰማያዊ የሚሉት?

እኔ፦ ቀለሙ ይደርሳል እትዬ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዲስ ተከራይ ሲገባ ምን ምን ይሉታል?

እትዬ፦ ምን እለዋለሁ! ኪራይ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፤ ውሃ በተራ፤ የግቢው በር ማታ በሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይቻልም፤ ግድግዳዬ ላይ ምስማር አይመታም። ሌላውን እንዳሻው ይኑር።

እኔ፦ ኮቱን የት ይስቀል?

እትዬ፦ ቁም ሳጥን ይግዛ።

እኔ፦ መጽሐፉንስ?

እትዬ፦ መደርደሪያ ይግዛ።

እኔ፦ እንግዳ ሲመጣበት?

እትዬ፦ አልጋው ላይ ያስቀምጠዋ! አንቺ ደግሞ፣ ላጤ ስንት እንግዳ አለው?

እኔ፦ ካምፓስ ለማስተማር የመጣ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የተመደበች ነርስ፣ ባንክ የተቀጠረ ወጣት፤ ተከራዮችዎ እነዚህ ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ይዛወራሉ። ቁም ሳጥኑ ቺፕውድ ነውና አንዴ ከተፈታ ዳግመኛ ሲገጠም ይወላገዳል፤ ለጎረቤት በርካሽ ጥለውት ይሄዳሉ። ተከታዩ ተከራይ ሌላ ይገዛል። እርስዎ አንድ ጊዜ ያላሠሩትን መስቀያ አሥር ሰው አሥር ጊዜ ይከፍልበታል።

እትዬ፦ ታዲያ ዕቃ ላሟላለት? ሆቴል አልከፈትኩ!

እኔ፦ አሁን የተቀመጥኩበት ምንድን ነው?

እትዬ፦ መደብ ነዋ።

እኔ፦ ከየት ተገዛ?

እትዬ፦ ወይ ጉድ፣ መደብ ይገዛል እንዴ! አባቴ ቤቱን ሲያቆም ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ድንጋይና ጭቃ። እናቴ በእበት ትለቀልቀው ነበር። እኔ ምንጣፍ ጣል አድርጌበታለሁ።

እኔ፦ ያቺ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረችውስ?

እትዬ፦ የኩራዝ ማስቀመጫ ነበረች። አሁን ስልክ ቻርጅ ይደረግባታል።

እኔ፦ ይኸው ነው የምለው። መደቡ መቀመጫም መኝታም ነው፤ ቆጡ ዕቃ ቤት ነው፤ ጎታው ጓዳውን ከእልፍኙ ይለያል። እኛ ኮሌጅ ገብተን የውስጥ ዲዛይን ብለን የተማርነውን አያቴ ስም ሳያወጡለት ሠርተውታል። ቤቱ ዕቃውን ይዞ ነው የተወለደው። ሰርቪስ ቤት ሲመጣ ግን ግንበኛው አራት ግድግዳና ቆርቆሮ አስረክቦ ሄደ፤ የቀረውን ተከራዩ በደመወዙ ይሙላው ተባለ።

እትዬ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) በ2014 ታኅሣሥ በጦርነቱ ከሸሸንበት ስንመለስ ይህ ቤት ባዶውን ነበር። አልጋ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ ድስት እንኳ የለ። የመጀመሪያዋን ሌሊት መደቡ ላይ ነው ያደርኩት። እሱን የሚጭን መኪና አልተገኘም።

ስለ መደብ ለመከራከር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ገጽ ጽፌ መጥቼ ነበር። አጠፍኩት።

እትዬ፦ ግን አከራይ ለምን ባዶ ግድግዳ እንደሚያቆም ልንገርሽ። በ1967 አዋጁ ሲታወጅ ትርፍ ቤት ያለው ሁሉ ተወረሰ። ልጅ ነበርኩ፤ የአባቴን ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሰው ለኪራይ ሲሠራ በግማሽ ልቡ ነው። «ለሰው ነው፣ ይብቃው» ይላል።

እኔ፦ አዋጅ ቁጥር 47፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። ፍርሃቱ ይገባኛል። አሁን ግን ፍርሃቱ አልፎ ልማዱ ነው የቀረው። ኮርኒስ የሌለው ክፍል በገባሁ ቁጥር ያችን «ይብቃው» እሰማታለሁ።

ተነስተን ወደ ግቢ ወጣን። ግንበኛው የዘረጋው ሲባጎ መሠረቱ ላይ እንዳለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ፊቱ ሦስት ሜትር፣ ጥልቀቱ አራት። በሩ የሚመጣበት ቦታ በኖራ ተሰምሯል፤ ከፊተኛው ግድግዳ ልክ መሃል ላይ።

እኔ፦ በሩን ማን ነው መሃል ያደረገው?

እትዬ፦ ግንበኛው ነዋ። መሃል ሲሆን ያምራል።

እኔ፦ ከውጭ ያምራል። ከውስጥ ቤቱን ለሁለት ይቆርጠዋል። ይቁጠሩት፦ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በግራ 1 ሜትር ከ5፣ በቀኝ 1 ሜትር ከ5 ይተርፋል። ባለ 1 ሜትር ከ20 አልጋ በየትኛውም ጎን አይገባም፤ ጠረጴዛም ከነወንበሩ ይጨናነቃል። አሁን በሩን ወደ ጥግ ይግፉት፤ ከጥጉ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። 60 እና 90፣ 1 ሜትር ከ50። በሌላው ጎን ሙሉ 1 ሜትር ከ50 ቀረልን። መስኮቱ እዚያ ይሆናል፤ ከሥሩ ጠረጴዛ ይገባል።

እትዬ፦ ስልሳዋ ለምንድን ነች?

እኔ፦ ስልሳ የቁም ሳጥን ጥልቀት ነው። ከበሩ ጀምሮ የጎኑን ግድግዳ ተከትሎ መስቀያውና መደርደሪያው አብሮ ይገነባል፤ ሁለት ቀጭን ግድግዳ፣ መሃሉ ጣውላ፣ ፊቱ መጋረጃ። በር እንኳ አያስፈልገውም። አልጋው ከኋላ በአግድም ይተኛል። ከአልጋው ፊት ለፊት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አጭር መደብ። እንግዳው አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ ተከራዩም ወንበር አይገዛም።

እትዬ፦ መደብ ብሎኬት ቤት ውስጥ? የገጠር ቤት ይሉኛል።

እኔ፦ ሶፋ ይበሉት። ፍራሽ ጣል ያድርጉበት፣ ከሥሩ ባዶ ይተዉለት፤ ጫማና ሻንጣ ይገባበታል።

እትዬ፦ ሶፋ! (ሳቁ) በይ ቀጥዪ።

እኔ፦ ቀጥሎ ስለ ጆሮ ላንሳ። በአንደኛው ክፍል የሚያስለው ሰው በአራተኛው ይሰማል። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?

እትዬ፦ ብሎኬቱ ቀጭን ነዋ።

እኔ፦ እሱም አለበት፤ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። ግንበኛው ክፍልን ከክፍል የሚለየውን ግድግዳ ኮርኒሱ ከፍታ ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ፣ እስከ ቆርቆሮው ድረስ፣ አራቱም ክፍል አንድ ቤት ነው። ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ሳይሆን በላዩ ተሻግሮ ይመጣል። አዲስ ሙሽሮች፣ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ፣ ከተረኛ ሥራ መጥታ ቀን የምትተኛ ነርስ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው የሚቃቃሩት በዚያች በአንድ ሜትር ብሎኬት ቁጠባ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስከራይ የጎረቤቴን የስልክ ጭቅጭቅ ከነመልሱ አውቀው ነበር። ቀለም፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ምንም አላዳነኝም።

እትዬ፦ እና ይጨመር?

እኔ፦ ቆርቆሮው ድረስ ይውጣ። ደግሞ ከተቻለ ሦስቱ የመሃል ግድግዳዎች ብሎኬት አይሁኑ። የጭቃ ጡብ ይሁኑ፤ የጤፍ ጭድ የገባበት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት የቦካ። ድፍን ነው፣ ከባድ ነው፣ ድምፅ ያፍናል። ዝናብ አያገኘውም፣ ውስጥ ነው ያለው።

እትዬ፦ ኧረ በሞቴ! ብሎኬት ገዝቼ ጭቃ? ለጭቃ ቤት ማን ይከፍላል?

እኔ፦ አዲስ አበባ መካኒሳ ዞማ የሚባል ሙዚየም አለ፤ በ2011 ነው የተከፈተው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሠሩት ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ እንደ ጥልፍ እየቀረጹ ነው የመረጉት። ሰው ከፍሎ ይገባል፤ ሰርግ የደገሰም ፎቶ ሊነሣበት ይፈልጋል።

እትዬ፦ ጭቃ ለማየት ይከፍላሉ?

እኔ፦ ይከፍላሉ። ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ የእኛ መምህራን ከዙሪኩ ኢቲኤች ጋር ሆነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከአፈር ሠርተዋል። የታችኛው ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው የአፈር ጡብ፣ ወለሉና ጣሪያው በስስ ጡብ የተቀለሰ ቅስት። ከባሕር ዛፍና ከብረት ለመዳን የተደረገ ሙከራ ነው። ሩቅ ምን ያስኬደናል፤ የላሊበላው ክብ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት የዚሁ የሰሜን ወሎ ነው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። በትንሽ ቦታ መኖርን ፈረንጅ አላስተማረንም።

እትዬ፦ ምስጡንስ ረሳሽው? የአባቴ ቤት ማገሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

እኔ፦ ምስጥ አጥብቆ የሚፈልገው እንጨቱን ነው። ጡቡ ውስጥ እንጨት የለም፤ ከሥሩም የድንጋይ መሠረት አለ። የጣሪያው እንጨት ነው የሚያሰጋኝ፤ እሱን ደግሞ ብሎኬት ቤትም አያመልጠውም።

እትዬ አልመለሱልኝም። ወደ ግቢው ዳር ሄደው ማንጎውን ደገፍ አሉ። ግንበኛው ማንጎው ቢቆረጥ አምስተኛ ክፍል ይወጣል ብሏቸው ኖሯል። ነገሩን ከዚያ በፊት አልነገሩኝም ነበር።

እኔ፦ እትዬ፣ የቤቱ ፊት ወዴት ነው?

እትዬ፦ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ። መንገዱ እዚያ ነዋ።

እኔ፦ ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት ፀሐዩ የአራቱንም ክፍል ፊት ይመታዋል። ከላይ ሠላሳ ሁለት ጌጅ ቆርቆሮ። ያ ክፍል ምጣድ ነው የሚሆነው፤ የከለከሉትን ምጣድ ጣሪያ አድርገው ሠሩት ማለት ነው። ይህ ማንጎ ጥላው ልክ በሦስቱ በሮች ላይ ያርፋል። እሱን ቆርጠው አምስተኛ ክፍል ቢያወጡ አምስት የሚግል ክፍል ያገኛሉ፤ ተከራዩም ቬንትሌተር ይገዛል፣ ቆጣሪዎ ይሮጣል።

እትዬ፦ ማንጎውስ ያፈራል።

እኔ፦ ያፈራላ። በረንዳውን 1 ሜትር ከ20 ያውጡት። ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ ከላይ ከጣሪያው ሥር፣ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። የሞቀ አየር ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ መውጫ ካጣ እዚያው ይቀመጣል። ሽቦው ለወባ ትንኝ ነው፤ እዚህ ወባ እንዳለ እኔ ልንገርዎ አይገባም።

እትዬ፦ ኮርኒሱ ግን ይወደድብኛል። ማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን እንወጥራለን ብዬ ነበር።

እኔ፦ ከረጢት ሙቀት አያስቆምም፣ አቧራ ያጠራቅማል፣ ከተቀደደ ያስጠላል። በእንጨት ፍሬም ሰሌን ይወጠር። ከቆላ የሚመጣው ሰሌን ገበያ ላይ አለ፤ መልኩም ያምራል፣ ከቆርቆሮው ጋር መሃሉ አየር ይይዛል። ዝናቡም ሲወርድ ጩኸቱን ይቀንሰዋል።

እትዬ፦ አይጥ ይፈለፈልበታላ!

እኔ፦ ጠርዙ በጭቃ ከታተመ አይገባም። የመሃሉ ግድግዳ ቆርቆሮ ከደረሰ ደግሞ አይጧም ከክፍል ክፍል መንገድ ታጣለች።

(እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፦ አይጥ ለሰሌን ኮርኒስ ያላትን ፍቅር ትንሽ አቃልዬ ነው የተናገርኩት።)

ቶናው ላይ ወደ መንገድ ዳሩ ቤት ዞርን። ድሮ ሱቅ የነበረ፣ አምስት በስድስት የሆነ ክፍል ነው። እትዬ በቺፕውድ ሦስት ቦታ ከፍለው ለሦስት ነጋዴ ሊያከራዩት አስበዋል።

እኔ፦ አይከፋፈል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ዙሪያ በቂ ሶኬት፣ ጥሩ መብራት ይግባበት። ቀን ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ጋ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የሚሠራው ጥጉ ላይ፣ ማታ ተማሪዎች። አዲስ አበባ አይስአዲስ የሚባለው የጋራ መሥሪያ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ይኸው ነበር፤ ቢሮ መከራየት የማይችሉ ወጣቶች ጠረጴዛና ኢንተርኔት ተጋሩ። አሁን ሌሎችም እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ።

እትዬ፦ ማን ይጠርገዋል?

እኔ፦ ተራ ይገባሉ።

እትዬ፦ (እጃቸውን አወናጨፉ) ተራ! እናትዬ፣ ተራ የሚባል ነገር ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ኮንዶሚኒየም የገባችው የጎረቤቴ ልጅ ምን አለችኝ፤ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፣ ቁልፉን ማን እንደያዘው ግን አይታወቅም አለችኝ።

እኔ፦ አውቃለሁ፤ እኔም በየሳይቱ የጋራ ቤቱ ለሌላ ሥራ ሲውል አይቻለሁ። ግን የሠመረለትም አለ። ደቡብ ጎንደር አውራ አምባ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረተው ማኅበረሰብ፣ ሽመናው በአንድ የጋራ ቤት ነው የሚሠራው። ቤታቸው ትንንሽ ነው፤ መቀመጫውና መደርደሪያው ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነው፤ ምድጃቸውም እንጨት ቆጣቢ ነው።

እትዬ፦ እነሱ ሥራውንም ገቢውንም ተካፍለው ነው። አንቺ ያልሽኝ የማይተዋወቁ ሦስት ነጋዴዎች ናቸው። ቅሬያችንን፣ እናንተ እድር የምትሉትን፣ ተመልከቺ። ድንኳኑ የጋራ፣ ድስቱ የጋራ፣ አግዳሚ ወንበሩ የጋራ። አንድ ሳህን አይጠፋም። ለምን? ዕቃ ቤት ያዥ አለው። ወጪ ሲሆን ቆጥሮ ይሰጣል፣ ገቢ ሲሆን ቆጥሮ ይረከባል፤ የሰበረ ይከፍላል። የጋራ ነገር የሚኖረው አንድ ሰው ሲጠየቅበት ነው። ጠረጴዛሽን አስገቢ፤ ግን መጀመሪያ ቁልፍ ያዥዋን ንገሪኝ፣ ደመወዟም ከኪራዩ ላይ ይታሰብ።

በዚህ ተረታሁ። አዲስ አበባ ለጋራ መሥሪያ ቦታ ንድፍ ስሠራ ስለ ወንበር ቅርፅና ስለ መብራት ቀለም ሳምንት ስንከራከር ከርመናል፤ ቁልፍ ያዡ ግን በወረቀቱ ላይ ኖሮ አያውቅም። አሁን ለልብስ ሰፊዋ ኪራዩ ተቀንሶላት ቁልፉን እንድትይዝ ተስማምተናል።

እኔ፦ የምጣዱን ነገርም በዚሁ እንጨርሰው። ክልከላዎ ምክንያት አለው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይጎትታል። ሁለት ሴቶች ባንድ ጊዜ ቢጋግሩ ያ ቀጭን ገመድ ይቀልጣል። ግን ክልከላው እንጀራውን አያስቀረውም፤ ሌሊት ተደብቀው ይጋግራሉ፣ ያኔ ነው እሳቱ። ከግቢው ጀርባ አንዲት መጋገሪያ ቤት ትሠራ፤ የራሷ ብሬከር፣ ወፍራም ገመድ፣ አንድ ምጣድ። መብራት ለጠፋ ቀን ምርት ምድጃ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ከሦስት ጉልቻ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

እትዬ፦ እሷንስ ልብስ ሰፊዋ ትይዛታለች?

እኔ፦ እሷን እርስዎ ይያዟት።

እትዬ፦ እሺ። ግን ይህን ሁሉ ሠርቼለት በስድስት ወሩ ውልቅ ቢልስ?

እኔ፦ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም። የትኛው ከተማ ላይ እንደሚሠራ ክልሉ ነው የሚወስነው፤ እኛ ጋ ቢደርስም ባይደርስም ሁለት ዓመቱ ለእርስዎም ይበጃል። መስቀያ፣ መደብ፣ ጥላና ጸጥታ ያለበት ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። ባዶ ቤት የሚለቀቀው ለመልቀቅ ቀላል ስለሆነ ነው።

እትዬ፦ ምስማሩ ግን አይሆንም። እሱን እንዳታነሺብኝ። አንዱ መታ መታ አድርጎ ልስኑን እንደ ወንፊት አድርጎብኝ ሄዷል።

እኔ፦ ብሎኬት ላይ ምስማር አይዝማ፤ አሥር ጊዜ የሚመታው ለዚያ ነው። ግንበኛው ከወለሉ 1 ሜትር ከ80 ላይ ዙሪያውን አንድ ጣውላ በግድግዳው ውስጥ ይቅበር፤ ፊቱ ብቻ ይታይ። ተከራዩ የልጁን ፎቶም፣ መስተዋቱንም፣ መስቀሉንም ሆነ የመካ ሥዕሉን እዚያ ላይ ይስቀል።

እትዬ፦ (ረጅም ዝም አሉ) ጣውላው የኔ፣ ምስማሩ የሱ።

እኔ፦ እንዲያ።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛው ሲመጣ እትዬ ቀድመውት ኖራውን በእግራቸው አጥፍተው በሩን ወደ ጥግ አሰመሩት። ስልሳዋን ራሳቸው በሜትር ለኩ። ማንጎው ቆሟል፤ የመሃል ግድግዳዎቹ ቆርቆሮው ድረስ ይወጣሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የጭቃ ጡብ ይሆናል፣ «እንየው መጀመሪያ» ብለዋልና። ለመጪው ተከራይ የሚነግሩትንም ደንብ አሻሽለውታል፦ ምስማር ጣውላው ላይ ብቻ። የግቢው በር ግን እንደ ድሮው በሦስት ሰዓት ይዘጋል።